አሮጌ ፎቶ ሲነሳ አዲስ ነበር

የራሴን ፎቶ የላከልኝ የአክስቴ ልጅ ነው፣ በቴሌግራም። ከሥሩ «ከአድዋ ጀግኖች አንዱ፣ 1888 ዓ.ም.። ሼር አድርጉት፣ ታሪካችን ነው» የሚል ተጽፎበታል። የኔ ሥራ መሆኑን አያውቅም። «ዓይናቸውን እየው እስቲ» ብሎ ነው የላከው።

ዓይናቸውንማ አውቀዋለሁ። ሽማግሌው ፈረሳቸውን በልጓሙ ይዘው፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ ሌንሱ ያያሉ። የቆሙት እንጅባራ ነው። ቀኑ ጥር 23 ቀን 2014 ነው። ካነሳኋቸው በኋላ አንድ የወደቀ ግንድ ላይ ቁጭ ብለን ሻይ ጠጥተናል፤ ሦስት ማንኪያ ስኳር ነው የሚጨምሩት። አሁን ስልኬ ላይ ከሞቱ ስንት ዘመን ያለፋቸው ሰው ሆነው መጡ። ከሥር አስተያየት የሰጠው ሰው ሁሉ «ነፍስ ይማር» ይላል።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ፎቶው የድሮ እንዲመስል ሦስት ዓመት የለፋሁት እኔ ነኝ። መሰለ።

እንጅባራን ለማታውቋት፣ የአዊ ዞን ዋና ከተማ ናት፣ ጎጃም ውስጥ። ደጋ ናት፤ ጥር ላይ በጠዋት ከወጣችሁ ሣሩን ውርጭ ለብሶ ታገኙታላችሁ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ጣሊያን ገና ከሀገር ሳይወጣ ማለት ነው። በየዓመቱ ጥር 23፣ በጊዮርጊስ ቀን፣ ፈረሰኛው ከየወረዳው እየጎረፈ ይመጣል። የሚዘከረው የአድዋ ድል ነው፤ አባቶቻቸው በፈረስ የዘመቱበት። የሚያስቡት የሞተውን ሰው ብቻ አይደለም፣ ፈረሱንም ጭምር ነው። እኔን መጀመሪያ የሳበኝ ይሄ ነው። ፈረስ ስንቅ ተሸክሞ፣ ሰው ተሸክሞ፣ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ሄዶ እዚያው የቀረ ፍጥረት ነው፤ የሚያስታውሰው ሰው መኖሩ ልክ ነው።

ሜዳው ላይ ጉግስ ይጫወታሉ፣ ይሸልላሉ፣ ይፎክራሉ። ጋሻ የያዘ አለ፣ ጦር የያዘ አለ። ፈረሰኛው በቡድን ሆኖ ሲጋልብ ድምፁ ከጆሮ በፊት እግራችሁ ሥር ነው የሚሰማው፤ መሬቱ ይርገበገባል። እንደዚያ ቆሜ ሳይ ነው «ያኔ ካሜራ የያዘ ሰው እዚህ ቢቆም ኖሮ ምን ያይ ነበር?» ብዬ ያሰብኩት።

ምክንያቱም ከጦርነቱ በዓይናችን የቀረው በአብዛኛው ስዕል ነው። ታውቁታላችሁ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ በነጭ ፈረሱ፣ የኛ ሰዎች ሁለት ዓይናቸው እየታየ፣ ጠላት በጎን አንድ ዓይኑ ብቻ። እወደዋለሁ፤ ልጅ ሆኜ ጣቴን እያስኬድኩ ሰው ስቆጥርበት ነበር። ፎቶ ሲባል ግን የዚያ ዘመን ካሜራ በብዛት የዞረው ወደ ቤተ መንግሥቱና ወደ መኳንንቱ ነው። የምኒልክ አማካሪ የነበረው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ራሱ ፎቶ ያነሳ ነበር፤ ፎቶዎቹ ዛሬ ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ውስጥ ተቀምጠዋል። ከአዊ ተነስቶ የሄደው ባላገር ፈረሰኛ ግን ፊቱ የለም። ያንን ፊት በምናቤ ላነሳው ፈለግኩ። ሐሳቤ ይሄ ነበር፣ ሌላ ምንም አልነበረም።

የመጀመሪያው ዓመት ሥራዬ ሁሉ የማይረባ ነበር። ፎቶውን ቡናማ አደረግኩት፣ በስልክ አፕ ጭረት ጨመርኩበት፣ ጠርዙን አቃጠልኩት። ያረጀ ወረቀት መሰለ እንጂ የድሮ ዘመን አልመሰለም። በኋላ የዚያን ዘመን ፎቶዎች ጥርት ብለው ስካን የተደረጉትን ቁጭ ብዬ ሳይ ገባኝ። ጭረት የላቸውም። ጥርት ያሉ ናቸው፤ የጨርቁ ክር ይቆጠራል፣ የሰውየው ጢም አንድ በአንድ ይታያል። በፊልም ፈንታ፣ ብርሃን የሚይዝ ኬሚካል በተቀባ ትልልቅ መስታወት ላይ ስለተነሱ ብዙዎቹ ከስልካችን ፎቶ ይበልጣሉ። ጭረቱ የመጣው በኋላ ነው፣ ከአያያዝ። ፎቶ የተነሳ ቀን አዲስ ነው። ስለዚህ እኔም ማስመሰል ያለብኝ አርጅቶ የተገኘውን ወረቀት ሳይሆን ያን ጠዋት ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሁሉ ከካሜራው ወጥቶ ሜዳው ላይ ሆነ።

መጀመሪያ ዛፉ። ይሄን ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነው። ሰው ሁሉ የመብራት ሽቦውንና የቆርቆሮውን ጣሪያ ይሸሻል፣ እኔም እሸሽ ነበር፣ ከዚያ ከኋላ ባህር ዛፍ ቆሞ ይቀራል። ባህር ዛፍ ወደ ሀገራችን የገባው በምኒልክ ዘመን፣ ልክ በአድዋ ዋዜማ አካባቢ ነው፣ እሱም አዲስ አበባ። በ1888 የጎጃም ኮረብታ ላይ ባህር ዛፍ አልነበረም። አዊ ላይ ደግሞ ዲከረንስ አለላችሁ፣ ለከሰል የሚተከለው፣ እሱም የአውስትራሊያ ዛፍ ነው፣ ዙሪያውን ሁሉ ሸፍኖታል። አንድ ቀን የኢትዮጵያን ጦር ላነሳ ሄጄ ከኋላው አውስትራሊያ ቆሞ ነበር። ከዚያ ጀምሮ ዝቅ ብዬ ከሰማይ ጋር አነሳለሁ፣ ወይም ጭጋጉ ሳይነሳ በጠዋት እገኛለሁ፣ ወይም አንድ ኮሶ ወይ ግራር ፈልጌ ወደዚያ አዞራቸዋለሁ።

ከዛፉ ቀጥሎ እግር። በዓሉ ላይ ፈረሰኛው ጫማ አድርጎ ነው የሚመጣው፣ ክብር ነውና፣ ጥቁር ቆዳ የተወለወለ አለ፣ ኮንጎ ያደረገ አለ። ያኔ ግን ዘማቹ በብዛት ባዶ እግሩን ነው። ፈረሰኛውም እግሩን ሙሉ እርካብ ውስጥ አያስገባም ነበር፤ እርካቡ ጠባብ ቀለበት ናት፣ የእግር አውራ ጣት ብቻ ነው የምትገባባት። አንድ ሽማግሌ ይሄን ሲያሳዩኝ ጫማቸውን አወለቁ፣ አውራ ጣታቸውን ከሌላው ጣት ለይተው ዘረጉት፣ ከዚያ ቀለበቷን በሁለቱ መሀል ቆነጠጡና ብድግ ብለው ወጡ። ተረከዛቸው የተሰነጠቀ ነው፣ አቧራው ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ነጭ መስመር ሠርቷል። ያን እግር ለብቻው አነሳሁት። ካነሳኋቸው ሁሉ ከአንድም ነገር ጋር የማልለውጠው ፎቶ ነው።

ልብስ ላይ ደግሞ ክርክር አለብኝ። የአድዋ በዓል ላይ፣ አዲስ አበባም ሌላም ቦታ፣ ብዙው ሰው ካኪ ኮትና ተፈሪ ሱሪ ለብሶ ፀጉሩን አጎፍሮ ይወጣል። ያ የአርበኛ መልክ ነው፣ ከ1928 እስከ 1933 የነበረው ጦርነት። ሱሪው ራሱ ስሙን ያገኘው ከራስ ተፈሪ ነው። ከአድዋ አርባ ዓመት በኋላ ማለት ነው። ለአድዋ ነጭ ኩታ፣ እጀ ጠባብ፣ ጠበብ ያለ ሱሪ፣ ዝናር፣ ጋሻና ጎራዴ ነው፣ ለምድና የአንበሳ ጎፈር ደግሞ ለተሸለመና ለታወቀ ሰው። ጠመንጃው ውጅግራ ወይም ሰናድር እንጂ ክላሽ አይደለም። ሰንደቅ ዓላማውም እንዲሁ፤ ሦስቱ ቀለም በአንድ ጨርቅ ላይ ተሰፍቶ የዛሬውን ቅርፅ የያዘው በ1890 ነው ይባላል፣ ከድሉ በኋላ። ይሄን የምለው ለብሶ የወጣውን ሰው ለመውቀስ አይደለም። አክብሮ ነው የለበሰው። ብቻ ሁለቱን ጦርነት አንድ ላይ ስንደባልቅ የሁለቱም ሰዎች ድካም ይደበዝዛል፤ ባዶ እግሩን በጦርና በጋሻ የሄደውና ዱር ገብቶ አምስት ዓመት የታገለው አንድ ሰው አይደለም።

ሌላው ክሩ ነው። ፋብሪካ የወጣ ነጭ ጨርቅ ፀሐይ ላይ ያብለጨልጫል። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ግን ብርሃኑን ይጠጣዋል፤ ጎርበጥበጥ ያለ ነው፣ ጥላው ለስላሳ ነው። ካሜራ ይሄን በደንብ ይለየዋል። ስለዚህ ሁልጊዜ የእናቴን አሮጌ ጋቢ ይዤ እሄዳለሁ። ታጥቦ ታጥቦ ወደ ክሬም የሄደ ነው።

ቀለሙ ላይ ስመጣ ብዙ ጊዜ የፈጀብኝ እሱ ነው። በዚያ ዘመን የተለመደው መስታወት ቀለምን እንደኛ ዓይን አያይም ነበር። ሰማያዊን አጥብቆ ያያል፣ ቀይን አያይም ማለት ይቻላል። ለዚህ ነው የድሮ ፎቶ ላይ ሰማዩ ባዶ ነጭ የሚሆነው፣ ደመናም የለው። ቀይ ከፋይ ደግሞ ጥቁር ይሆናል። የእንጅባራ ፈረስ በቀይና በቢጫ ክር አጊጦ ነው የሚመጣው፤ በዚያ መስታወት ቢነሳ ያ ሁሉ ጌጥ ጥቁር ነበር የሚሆነው። ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ወደ ጥቁርና ነጭ ስቀይረው ቀዩን ወደ ታች፣ ሰማያዊውን ወደ ላይ ስገፋ ወዲያው ፎቶው መቶ ዓመት ወደ ኋላ ሄደ። ቡናማ ቀለምም ጭረትም አላስፈለገውም።

ግን ፊቱ ጠፋ።

የኛ ቆዳ ውስጥ ቀይና ቡናማው ይበዛል፣ መስታወቱ ደግሞ እሱን አያይም። ስለዚህ ፊቱ ከሚገባው በላይ ጠቆረ፣ የዓይን ዙሪያው ተዋጠ፣ የጉንጩ ሽብሽብ ጠፋ። ያኔ ነው የድሮ ፎቶዎቻችን ላይ ያለው አንድ ነገር የገባኝ። ልጅ ሆኜ «አያቶቻችን ለምን እንዲህ የከበዳቸው ይመስላሉ?» እል ነበር። ከፊሉ መስታወቱ ነው። ፊታቸው ላይ የነበረውን ሳቅ፣ ድካም፣ ቀልድ ሳያይ ቀረ። እንግዲህ ልምረጥ፦ ለመስታወቱ ልታመን ወይስ ለሰውየው? ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ይመርጥ ይሆናል፣ ትክክለኛው እሱ ነውና። እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ። ሰማዩንና ልብሱን እንደ መስታወቱ አደርጋለሁ፣ ፊቱን ግን ለብቻው መልሼ አበራዋለሁ። ይሄ ስህተት ከተባለ አውቄ የሠራሁት ስህተት ነው።

ኮምፒውተሩ ላይ ከመድከም ግን እዚያው ሜዳው ላይ የሚሻል ነገር አለ። ጋቢውን አንድ ልጅ በሁለት እጁ ዘርግቶ ከጎን ይይዘዋል፣ ፀሐይዋ ጋቢው ላይ አርፋ ወደ ፊቱ ትመለሳለች። የብርሃን ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ሪፍሌክተር የሚሉት ማለት ነው። ጋቢ ይበልጣል። ብርሃኑ ሞቅ ያለ ነው፣ ሰውየውም አይደነግጥም፣ ጋቢ ያውቃላ።

ስለ እንቅስቃሴው አጭር ላድርገው። ፈረሱ አራት እግሩ አየር ላይ ደርቆ ከታየ ዘመናዊ ፎቶ ነው። ሹተሩን፣ ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ፣ 1/30 ሰከንድ ላይ አድርጉት፣ ካሜራውን ትሪፖድ ላይ ስቀሉት፣ ፈረሱ ጭስ ሆኖ ይለፍ። የቆመው ሰው ብቻ ጥርት ይበል።

ሽማግሌውን ያነሳሁት እንዲህ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ጭጋጉ ገና አልተነሳም። «አባባ፣ ፎቶ ላንሳዎት?» አልኳቸው። «ለምንህ?» አሉ። ነገርኳቸው፤ የድሮ ዘማች እንዲመስል ፈልጌ ነው፣ ካሜራው ቀስ ስለሚል ትንሽ ሳይንቀሳቀሱ ይቆማሉ አልኳቸው። ሰዓታቸውን ፈትተው ኪሳቸው ከተቱ። እኔ አላልኳቸውም። ጫማቸውን አወለቁ፤ እሱንም አላልኳቸውም። ከዚያ ቀና ብለው ቆሙ፣ ልጓሙን አጠር አድርገው ያዙ፣ ትንፋሻቸውንም ያዙ። ፈረሱም ቆመ። ውርጩ ላይ የቆመው ባዶ እግራቸው ይታየኛል። እሳቸው ግን የሆነ ሰው ፊት እንደቆመ ሰው ነበር የሚያዩት፣ ካሜራ የሚያዩ አይመስሉም ነበር።

አራት ፎቶ ብቻ ነው ያነሳሁት። የመጨረሻው እሱ ነው።

ጥፋቴ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለጥፈው ከሥሩ ቦታውንና ቀኑን ጽፌያለሁ። ፎቶው ላይ ግን አልጻፍኩበትም፣ ውበቱን ያበላሻል ብዬ። አንድ ሰው አውርዶት ያለ ጽሑፉ ለጠፈው፣ ሌላው የራሱን ጽሑፍ ጨመረበት፣ በሳምንት ውስጥ 1888 ሆነ። ለጠፉት ሰዎች ጻፍኩላቸው። አንዱ ይቅርታ ብሎ አነሳው። ሌላው «ምን አለበት፣ ለበጎ ነው» አለኝ። ይሄ መልስ ነው ያሳመመኝ፣ ምክንያቱም እኔም ለበጎ ነው ስል ነው የኖርኩት።

በዚህ ሥራ ውስጥ ያሉ ሰዎች የሚያውቁት አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1863፣ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ላይ፣ ጌቲስበርግ በሚባለው ቦታ አሌክሳንደር ጋርድነር የሚባል ፎቶ አንሺ ከነረዳቶቹ የአንድ ወጣት ወታደር አስከሬን ከወደቀበት አንስተው ድንጋይ ወደተካበበት ቦታ ወሰዱት። አጠገቡ ጠመንጃ አስደገፉ። አልሞ ተኳሽ ነበር ተብሎ ተጻፈ። አስከሬኑ መንቀሳቀሱ የታወቀው ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው፣ ፎቶዎቹን ድንጋይ ከድንጋይ እያመሳከሩ ባዩ ሰዎች። ሟቹ እውነተኛ ነበር፣ ጦርነቱም እውነተኛ ነበር። ሆኖም የዚያ ልጅ የራሱ ታሪክ፣ የት ወደቀ፣ ምን ሲያደርግ ወደቀ የሚለው፣ በሌላ ታሪክ ተሸፈነ። እነሱ ብዙ ሌላ ፎቶ ስላላቸው ማመሳከር ቻሉ። እኛ ያለን ጥቂት ነው። ጥቂት ባለበት ቦታ አንድ የውሸት ሲገባ የሚያጋልጠው ጎረቤት የለውም። አሁን ደግሞ ካሜራም ሜዳም ሳያስፈልግ ኤ አይ የ«አድዋ ፎቶ» እያወጣ ይለቃል፣ ባህር ዛፉም ካኪውም ሳይቀር።

ለሽማግሌው መንገር ነበረብኝ። የልጅ ልጃቸው ጋ ደወልኩ። ፎቶውን አይቶታል፤ ሰፈሩ ሁሉ አይቶታል። ስልኩን ሰጣቸው። እንዴት ብዬ እንደምጀምር ስጨነቅ እሳቸው ቀደሙኝ።

«ልጄ፣ ሞተዋል አሉኝ አሉ» አሉ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ፣ የኔ ጥፋት ነው።»

«መሞቱስ ግድ የለም፣ የማይቀር ነው። ግን እኔ አድዋ አልዘመትኩም። የዘመቱት የአባቴ አባት ናቸው። የሳቸውን ቦታ እኔ አልወስድም።»

ከዚያ ወዲህ ቀኑንና ቦታውን ፎቶው ውስጥ ነው የምጽፈው። ዳር ላይ አይደለም፣ ዳር ይቆረጣል። ከፈረሱ እግር አጠገብ፣ ሣሩ ላይ፣ በእጅ ጽሑፍ። የድሮ ፎቶ አንሺዎችም መስታወቱ ላይ እንዲህ ይጽፉ ነበር፣ ስለዚህ መልኩን እንኳ አያበላሸውም። ከጎኑ ደግሞ ባለቀለሙን እለጥፋለሁ፣ ቀዩ ክር ቀይ ሆኖ፣ ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ። አንዳንድ ሰው «አስማቱን አጠፋኸው» ይለኛል። ይጥፋ።

በ2015 ጥር ላይ ፎቶውን በትልቁ አሳትሜ ወሰድኩላቸው። ግድግዳቸው ላይ የሠርግ ፎቶ አለ፣ የምርቃት ፎቶ አለ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ስዕል አለ። እዚያ መሀል ይሰቅሉታል ብዬ ነበር። ይዘው ብዙ ጊዜ አዩት። የፈረሱን አፍንጫ በአውራ ጣታቸው ዳበሱ። ከዚያ ገልብጠው ጀርባውን ሰጡኝ።

«ጻፍ» አሉ። «መጀመሪያ የፈረሱን ስም። ዳማ በል።»

ጻፍኩ። ቀጥሎ የሳቸውን ስም፣ ቀኑን፣ እንጅባራ የሚለውን።

«አሁን የአባቴን አባት። ፎቶ የላቸውም፣ እዚህ ጀርባው ላይ ይሁኑ።»

ወረቀቱ የሚያንሸራትት ነበርና እስክሪብቶው መያዝ እንቢ አለ፣ ዳማ የሚለውም ደብዝዞ ጠፋ። የልጅ ልጃቸው እርሳስ ፍለጋ ወደ ጎረቤት ሮጠ። እስኪመለስ ድረስ እንዳልረሳው ብለው የአያታቸውን ስም ከነፈረሳቸው ስም ቀስ እያሉ ይደጋግሙልኝ ነበር።